ዊልያም ብላንፎርድ

ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ (ኦክቶበር 7 ቀን 1832 – ጁን 23 ቀን 1905) እንግሊዛዊ የሥነ ምድርና የእንስሳት ተመራማሪ ነበረ። በ1868 (1860 ዓ.ም.) ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ መቅደላ ተጉዞ የሰሜን ኢትዮጵያን ዓለቶች በየንብርብራቸው ለይቶ ስም ሰጣቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የወጣትነት ዘመን

ብላንፎርድ የተወለደው በለንደን ከተማ ነው። በ1852 ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር ወደ ንጉሣዊ የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ፤ በጀርመን አገር በፍራይበርግም ተማረ። በ1855 ሁለቱ ወንድማማቾች በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት ድርጅት ተቀጠሩ። በታልቺር የድንጋይ ከሰል ምድር ከደቃቅ ጭቃ ጋር የተቀላቀሉ ትልልቅ ድንጋዮችን አግኝተው በጥንት ዘመን በረዶ ያመጣቸው ናቸው አሉ። በሞቃታማው ሕንድ በረዶ ነበረ ማለት ብዙዎችን ያስገረመ ሐሳብ ነበር፤ በኋላ ግን ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ጋፋትና የመቅደላ መንገድ

ጋፋት ለደብረ ታቦር ቅርብ የሆነ መንደር ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ቴዎፊል ዋልድማየርንና ካርል ሳልሙለርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መድፍ ያሠሩ ነበር። በጋፋት የተሠራውና ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴቫስቶፖል በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ ተጓዘ። መድፉ እንዲያልፍ ንጉሠ ነገሥቱ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አስጠርበው መንገድ አወጡ። የእንግሊዝ ጦርም በኋላ ወደ ጅዳ የወረደው በዚሁ መንገድ ነው።

ብላንፎርድ ከጦሩ ጋር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በእንደርታና በላስታ አልፎ መቅደላ ደረሰ። ከታች ጥንታዊ፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ዓለት አገኘ፤ በላዩ የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ ቀጥሎ የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ፤ ከሁሉም በላይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ። አሸዋውን በአዲግራት፣ ኖራውን በአንጣሎ ስም ጠራ። ጥቁሩን ድንጋይ ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ አለው። ይህን ሁሉ በ1870 በለንደን በታተመው መጽሐፉ ስለ አገሩ እንስሳት ከጻፈው ጋር አወጣ።

የዓለም ዕድሜ ጥያቄ

መቅደላ በተያዘችበት ዓመት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዓለም ከተፈጠረች 7360 ዓመት ሆኗት ነበር፤ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቆጠራልና። በአውሮፓ ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ደግሞ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ስሌት የታወቀ ነበር። በእርሱ ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 በመሆኑ፣ በ1868 ዕድሜዋ 5,900 ዓመት አይሞላም።

ሁለቱም ስሌቶች የተሠሩት ከቅዱሳት መጻሕፍት የትውልድ ሐረግ ነው። ልዩነታቸውም በአብዛኛው የሚመነጨው አንዱ የግሪኩን፣ ሌላው የዕብራይስጡን ብሉይ ኪዳን በመከተሉ ነው። ብላንፎርድ ያጠናው ንብርብር ግን ሌላ ዓይነት ቆጠራ ይጠይቅ ነበር። በደጋ ላይ የሚገኘውን የባሕር ዛጎል ብዙ ሰዎች ለኖኅ የጥፋት ውኃ ምስክር አድርገውት ነበር። ነገር ግን ዛጎሉ የሚገኘው በምድር ገጽ ተበትኖ ሳይሆን በአሸዋው ድንጋይና በጥቁሩ ድንጋይ መካከል በተቀመጠ ወፍራም የኖራ ንብርብር ውስጥ ነው። አስቀድሞ አሸዋው፣ ቀጥሎ የባሕሩ ደለል፣ ከዚያ በየተራ የፈሰሰው ቅልጥ ዓለት ተነጠፈ፤ ጅዳና በሽሎ ያንን ቦርቡረው ወደ 1,000 ሜትር የሚጠልቅ ገደል ያወጡት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

በዘመኑ የነበሩ የሥነ ምድር ሊቃውንት የትኛው ዓለት እንደሚቀድም ያውቁ ነበር፤ ስንት ዓመት እንደሆነው የሚለኩበት መንገድ ግን አልነበራቸውም። የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቶምሰን (ሎርድ ኬልቪን) በ1862 ከምድር መቀዝቀዝ ተነሥቶ ዕድሜዋን ከ20 ሚሊዮን እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ገምቶ ነበር።

የኋላ ዘመንና ሞት

ብላንፎርድ በ1872 ፋርስን አጠና፤ በ1879 ከሄንሪ ሜድሊኮት ጋር የሕንድን ሥነ ምድር መጽሐፍ አሳተመ። በ1883 የወላስተን ሜዳልያ ተሸለመ፤ ከ1888 እስከ 1890 የለንደን ሥነ ምድር ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረ። የብላንፎርድ ቀበሮ የሚባለው እንስሳ በስሙ ይጠራል። በ72 ዓመቱ በለንደን ሞተ።

ከሞተ በኋላ

በ1907 አሜሪካዊው በርትራም ቦልትዉድ ዩራኒየም ወደ እርሳስ ከሚለወጥበት ፍጥነት ተነሥቶ የዓለቶችን ዕድሜ አሰላ። በዚህ ዓይነት ልኬት የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ ከተመደበበት የጁራሲክ ዘመን ወዲህ ከ140 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፏል። የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ሲሆን፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለው የጉና ተራራ ወደ 11 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የምድር ዕድሜ ራሱ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው።

ቤተ ክርስቲያን ዓመተ ዓለምን ለበዓላትና ለአጽዋማት ማውጫ ዛሬም ትጠቀምበታለች። አዲግራት፣ አንጣሎና አሸንጌ የሚሉት የብላንፎርድ ስያሜዎችም በኢትዮጵያ ሥነ ምድር ጥናት እስካሁን ያገለግላሉ።