ብረት ሳይሰበር የቆጠረው ሰው

የጎንደር ደባርቅ መንገድ አስፋልት ሳይለብስ፣ ከአራዳ ተነስቼ ወደ ደባርቅ ስጓዝ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን የአውቶቡሳችን ባሌስትራ ተሰበረ። ተሳፋሪው ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልወሰደበትም። ጥፋተኛው ሾፌሩ ነው ተባለ፤ ከደቂቃ በፊት የገባበት ጉድጓድም ምስክር ሆነበት። ረዳቱ ግን ስባሪውን አንስቶ አሳየን። የስብራቱ ገጽ ሁለት መልክ ነበረው። ግማሹ ዝጎ ጠቁሯል፣ ግማሹ ገና ያብለጨልጫል። ጉድጓዱ የሰበረው የሚያብለጨልጨውን ብቻ ነው። የጠቆረው ክፍል ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ተሰንጥቆ የቆየ ነው። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ያንን ማስረጃ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ነገሩ ስም እንዳለው ያወቅሁት ኋላ ነው። መሐንዲሶች የብረት ድካም ይሉታል። ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ስሙ የማይዘለል ሰው ደግሞ ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር ነው። የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ በስሙ የሚጠራውን መስመር ያውቃል፤ የሕይወት ታሪኩን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቮለር በሰሜን ጀርመን ሶልታው በምትባል ከተማ በ1819 ተወለደ። የመምህር ልጅ ነው። በሃኖቨር ቴክኒክ ተምሮ በርሊን በሚገኘው የቦርዚግ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ሠርቷል፣ ቤልጂየም ሄዶም ባቡር መንዳት ሠልጥኗል። ወደ ጠረጴዛ ከመምጣቱ በፊት ሐዲዱን በአካል አውቆታል ማለት ነው። በ1847 ከበርሊን ወደ ሲሌዥያ በሚዘልቀው የባቡር መስመር የሎኮሞቲቮችና የፉርጎዎች ኃላፊ ሆኖ በኦደር ወንዝ ዳር ባለችው ፍራንክፈርት ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት በላይም እዚያው ቆየ።

በዚያን ጊዜ የባቡር ኩባንያዎችን እንቅልፍ የነሳ አንድ ጉዳይ ነበር። በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከሐዲድ ወጣ፤ እሳት ተነሳ፤ በሮቹ ተቆልፈው ስለነበር ከሃምሳ በላይ ሰዎች አለቁ። የተሰበረው አክስል ሲሠራ የደከመ አልነበረም፣ ሸክሙንም ይችላል ተብሎ የተሰላለት ነበር። ታዲያ ለምን ተሰበረ? የዘመኑ ብዙ ሊቃውንት ብረቱ ከመንቀጥቀጥ ብዛት ባሕርዩን ለውጦ እንደ መስታወት ይሰባበራል ብለው ያምኑ ነበር።

ቮለር መላ ምቱን ትቶ ወደ ሐዲዱ ሄደ። ራሱ የሠራውን መለኪያ ከባቡሩ አክስል ጋር አያይዞ፣ በጉዞ ላይ ምን ያህል እንደሚጎብጥ እንዲመዘግብ አደረገ። ውጤቱንም በ1858 እና በ1860 አሳተመ። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይህ ነው። አክስሉ ምን ያህል ይችላል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ በእርግጥ ምን ይደርስበታል ብሎ ጠየቀ። ዳኛ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት መዝገቡን እንደሚመረምረው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ብረትን የሚያሽከረክሩ፣ የሚያጎብጡ፣ የሚጠመዝዙና የሚስቡ ማሽኖች ሠራ። የሚሽከረከር አክስል አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዱ ጎኑ አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይጨመቃል። ዲያሜትሩ አንድ ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 318 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ በ10,000 ኪሎ ሜትር ከ3 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። ቮለር ይህንን ድግግሞሽ በፋብሪካው ውስጥ ደገመው፣ ቆጠረውም። ሥራው ዓመታት ፈጅቶ የመጨረሻው ሪፖርት በ1870 ወጣ።

ያገኘው ነገር ዛሬ ቀላል ይመስላል። ብረት አንድ ጊዜ ቢመጣበት በቀላሉ የሚችለው ሸክም፣ ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ይሰብረዋል። ወሳኙ የሸክሙ ከፍታ ብቻ ሳይሆን በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከተወሰነ መጠን ካነሰ ግን በሙከራው ላይ ብረቱ አይሰበርም። ቮለር ውጤቱን ያቀረበው በሠንጠረዥ ነበር። በስሙ የሚታወቀውን መስመር የሳሉት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

በ1874 የአልሳስ ሎሬን የባቡር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ወደ ስትራስቡርግ አመራ። በዚያ ዘመንም ብረት በደረጃ እንዲመደብና መንግሥት የመፈተሻ ተቋማት እንዲያቋቁም ይወተውት ነበር። እውቀት በደንብ ካልታሰረ ተሳፋሪን እንደማያድን የገባው ሰው ነበር። በ1889 ጡረታ ወጥቶ ወደ ሃኖቨር ተመለሰ፣ በ1914 በ94 ዓመቱ እዚያው አረፈ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ቮለር የተወው ክፍተት ነበር። የእሱ ማሽን አንድ ዓይነት ሸክም ይደጋግማል፣ መንገድ ግን ሸክሙን ያቀያይራል። ጀርመናዊው ጋስነር በ1939 የተለያዩ ሸክሞችን እያፈራረቀ መፈተን ጀመረ። ስዊድናዊው ፓልምግሬን በ1924፣ አሜሪካዊው ማይነር ደግሞ በ1945 እያንዳንዱ ሸክም ከብረቱ ዕድሜ የሚቀንሰውን ድርሻ መደመር እንደሚቻል አሳዩ። በ1968 ደግሞ ጃፓናውያኑ ማትሱይሺና ኤንዶ የተዘበራረቀውን መዝገብ በሥርዓት የሚቆጥሩበትን ዘዴ አወጡ፤ ሐሳቡ የዝናብ ውኃ ከቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ይመስላልና ስሙን ከዚያ አገኘ።

ዛሬ ይህ ሁሉ በሶፍትዌር ይሠራል። መሐንዲሱ ሦስት ነገር ያስገባል፤ የዕቃውን ቅርጽ፣ የብረቱን ባሕርይ፣ የጭነቱን ታሪክ። ኮምፒዩተሩ ቀሪውን ያሰላል። ቅርጹ ከሥዕሉ፣ ባሕርዩ ከላቦራቶሪ ይገኛል። የጭነቱ ታሪክ ግን ከመንገዱ ካልሆነ ከየትም አይመጣም። ለስላሳ አስፋልት ላይ የተቀዳ መዝገብ ለሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ቢሰጥ፣ ያው መዝገብ ስንት ጊዜ እንደሚደገም በስህተት ቢሞላ፣ ወይም የፍሬን መያዣውና የጉድጓዱ ድንጋጤ ከመዝገቡ ቢጎድል፣ ሶፍትዌሩ ያለምንም ማንገራገር የተሳሳተ ዕድሜ ይሰጣል። የሐሰት ቃል የሰማ ዳኛ ከዚህ አይለይም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አደጋ በደረሰ ቁጥር የመጨረሻውን ምት እንፈልጋለን። ሾፌሩን፣ ፍጥነቱን፣ ጉድጓዱን። ጥፋት ካለ ይጠየቁ፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያንን ተሽከርካሪ ለዓመታት ከልክ በላይ ያስጫነው፣ ስንት ጉዞ እንደሄደ ያልመዘገበው፣ ስንጥቁ ሳይታይ ያሳለፈውስ? ለዓመታዊው ምርመራ የቀረበ መኪና በዚያች ቀን ያለበትን ሁኔታ ይናገራል እንጂ ያሳለፈውን ታሪክ አይናገርም። ታሪኩን የሚናገር መዝገብ ከሌለ ማስረጃው የሚገኘው፣ እንደዚያ ባሌስትራ፣ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ቮለር ሰው ካለቀ በኋላ ስባሪ ማንሳትን አልመረጠም። አስቀድሞ ቆጠረ። እኛም መቁጠር ብንጀምር የዚያ ረዳት ምስክርነት ከስብራቱ በፊት ይደርሰን ነበር።

ቸር እንሰንብት።