አቤ ጉበኛ፤ የእምቢታ ደራሲ

መጽሐፉ በመንግሥት እጅ የታገደበት ደራሲ ብዙ ጊዜ ሁለት ሕይወት ይኖረዋል። አንደኛው በመዝገብ የሚታወቀው፣ የተወለደበትና ያረፈበት ዘመን፣ የሠራበት መሥሪያ ቤትና ያሳተማቸው ድርሰቶች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው አንባቢዎቹ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቡና ቤቱና በየመጻሕፍት መደብሩ ደጃፍ እየተከራከሩ የሚሠሩለት ሕይወት ነው። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይህ ዕጣ ከደረሳቸው ደራስያን መካከል አቤ ጉበኛ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

አቤ በ1925 ዓ.ም. በጎጃም፣ በአቸፈር፣ ቆረንች አቦ በተባለ ቦታ ተወለደ። በአካባቢው ልማድ መሠረት ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ገብቶ ለዓመታት ግዕዝና ቅኔ ተማረ። ይህን የትምህርት ዘመን በጥቂት ቃል ማለፍ የሚቻል ቢመስልም፣ ኋላ በድርሰቶቹ ላይ የተነሣውን ክርክር ለመረዳት ግን ቁልፉ የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሲቆጥር ውሎ ያፈራውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ይተቸዋል። ተማሪው ሰምና ወርቅን፣ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሚያዝልበትን ኅብርን፣ ምስጢሩ ከላይኛው ትርጉም ሥር ተሸሽጎ የሚገኝበትን ውስጠ ወይራን እየለየ ያድጋል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚያወጣው ሰው ቃል በደረቁ እንደማይነገር የሚያውቅ፣ የሌላውንም ንግግር በደረቁ የማይሰማ ሰው ነው።

አቤ ከቅኔው ጉባኤ ወጥቶ ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው በዳንግላ ነው። ዛሬ በአዊ ዞን የምትገኘው ዳንግላ አገውኛና አማርኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት፣ ከጣልያን ወረራ በፊትም የእንግሊዝ ቆንስላ የተቀመጠባት ከተማ ነበረች። የቆሎ ተማሪ የነበረው ወጣት እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተር ያዘ። ከዳንግላም ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ አዲስ አበባ አቀና። ከዚያ በኋላ በጋዜጠኝነትና በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አገለገለ። ዘግየት ብሎ ግን የወር ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ቆረጠ። ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት፣ መጽሐፍ የሚገዛውም ከዚያ ያነሰ በነበረበት ዘመን ይህ ውሳኔ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ በሙያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«አልወለድም» የተባለው ልብ ወለዱ በ1955 ዓ.ም. ወጣ። በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ድህነትና ግፍ ወደ ነገሠበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይሟገታል፤ ያለፈቃዱ ከተወለደ በኋላም ያየው ሁሉ ሙግቱ ትክክል እንደ ነበር ይመሰክርለታል። አገሪቱ ከ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወዲህ ገና ስላልተረጋጋች፣ የሳንሱር ሹሞች በመጽሐፉ ውስጥ ምን እንደ ተሸሸገ ለመገመት ጊዜ አልወሰደባቸውም። እንደሚነገረው ስምንት መቶ ያህል ቅጂ ብቻ ከተሸጠ በኋላ መጽሐፉ ታገደ፤ የቀረውም ጠፋ። ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ከአንባቢዎቹ ርቆ ተቀመጠ።

የመታገዱ ውጤት ግን ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ። የተሸጡት ጥቂት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተነበቡ። መጽሐፉን ያላገኘው ካገኘው እየሰማ መተረክ ጀመረ። ክርክሩም አብሮ ተወለደ። የታሪኩ ጨቋኞች በስማቸው የትኞቹ ሹማምንት እንደ ሆኑ የሚቆጥሩ አንባቢዎች ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መጽሐፉን የመጪው ለውጥ ትንቢት አድርገው የሚያነቡ በረከቱ። «የሮም አወዳደቅ» የተሰኘው ተውኔቱም በዚሁ ዓይን ታየ፤ ስለ ጥንታዊት ሮም የተነገረው ሁሉ ስለ ቅርቡ ዙፋን የተነገረ ሆኖ ተሰማ።

ይህ ዓይነት ንባብ ከቅኔ አገር ለመጣ ደራሲ የተገባ ነው። ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት። እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ከአንድ ባለሥልጣን ጋር የሚያያይዝ አንባቢ ድርሰቱን ኅብር ብቻ ያደርገዋል፤ ባለሥልጣኑ ሲሻር ድርሰቱም አብሮ ሊሻር ነው። የአቤ ሥራዎች ግን ሹማምንቱ ሁሉ ካለፉ በኋላም እየታተሙ ተነብበዋል። እንግዲህ ትስስራቸው ከዚያ በጠለቀ ቦታ መፈለግ አለበት።

ሥራዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ሰው ደጋግሞ ብቅ ይላል፤ ብቻውን ቆሞ እምቢ የሚል ሰው። ፅንሱ አልወለድም ይላል። በጥር 1953 ዓ.ም. የተገደለው የኮንጎ መሪ ለአቤ ሌላ ተውኔት፣ ለ«የፓትሪስ ሉሙምባ አሳዛኝ አሟሟት»፣ መነሻ ሆኗል። በመቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመማረክ ሞትን የመረጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ የ«አንድ ለናቱ» ባለታሪክ ናቸው። የዚህ ልብ ወለድ ርእስ ራሱ ወርቅ አለው፤ ላይ ላዩን ለወላጁ ብቸኛ የሆነ ልጅ ማለት ሲሆን፣ ውስጡ አገርን እናት አድርጎ ያያል። በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አይዋ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ደራስያን መርሐ ግብር ተጋብዞ ከተመለሰ በኋላ ያሳተመው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በጣልያን ወረራ ዘመን ስለ ነበረ ቤተ ሰብ የሚናገር ሲሆን፣ ርእሱም ወደ አማርኛ ሲመለስ እምቢታ ማለት ነው። የመጀመሪያውና የኋለኛው መጽሐፍ በአንድ ቃል ተያይዘዋል።

በአቤ ላይ የተሰነዘረው ነቀፌታም መዘንጋት የለበትም። ባለታሪኮቹ ከመኖር ይልቅ መስበክ ይቀናቸዋል፣ ደራሲው በአንባቢው ላይ እምነት አጥቶ ሐሳቡን ደጋግሞ ያብራራል ብለው የተቹት ነበሩ። ትችቱ እውነትነት አለው። ሰሙ በብዙ ቦታ ስስ ነው፤ ወርቁ ገና ከሩቅ ይታያል። ምናልባትም ሳንሱሩን ለማምለጥ ያልቻለው በዚሁ ምክንያት ይሆናል። ሌሎች ደራስያን ምስጢራቸውን አጥብቀው ሲሸፍኑ፣ እርሱ ተራው አንባቢ ሳይረዳው እንዳይቀር ሲል ሽፋኑን አሳሳው፤ ዋጋውንም ራሱ ከፈለ።

አቤ ጉበኛ በ1972 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በአዲስ አበባ አረፈ። የአሟሟቱ ነገር እንደ ድርሰቶቹ ሁሉ ለአንባቢዎቹ መከራከሪያ ሆኖ ቀርቷል። የዘውዱም ሆነ የወታደራዊው መንግሥት ዘመን ሲያልፍ መጽሐፎቹ ግን አላለፉም። በሙያው ለተሰማሩ ሁሉ የተወው ጥያቄ የሚከብደው በዚህ ነው፤ ምስጢሩን በጥልቀት ሸሽጎ በሰላም ማደር ይሻላል ወይስ ገልጦ ጽፎ መጽሐፉንም ራሱንም ለፍርድ ማቅረብ? እርሱ ሁለተኛውን መረጠ፤ ስምንት መቶ ቅጂም በቂ ሆኖ ተገኘ።