ከአጋጣሚ ዕድል ወደ ትምህርት ሥርዓት፦ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት በአገራችን የምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ስሟ ሳይጠራ አይታለፍም። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የወንጌል መልእክተኞችና የእጅ ባለሙያዎች በዚህች ቀበሌ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩ፣ ሙያቸውንም ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች እንዲያስተምሩ አደረጉ። ሴባስቶፖል ተብሎ የተሰየመውና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ የተሠራው በዚሁ ስፍራ ነው። ዕውቀትን ወደ አገር ለማስገባት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መምህሩን ከውጭ አምጥቶ ተማሪውን በአገሩ ማስተማር ሲሆን፣ ጋፋት የዚህ መንገድ ምሳሌ ናት። ሁለተኛው ተማሪውን ወደ ውጭ ልኮ ተምሮ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሁለቱም መንገዶች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝተው የታዩት በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ዘንድ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ የጋፋትን ባለሙያዎችና ያንን ከባድ መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉን ለማሳለፍ ገደሉ እየተናደ፣ ዐለቱ እየተፈለጠ አዲስ መንገድ ተጠረገ፤ ጉዞውም ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ይህ መንገድ በዘመኑ ከተከናወኑት የግንባታ ሥራዎች ሁሉ የሚያስደንቅ ቢሆንም መጨረሻው አላማረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የጋፋት ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሪቱን ለቀው ወጡ። ትምህርቱ በመምህራኑ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ስለ ነበር መምህራኑ ሲሄዱ አብሮ ተቋረጠ። ተተኪ መምህር ሳያፈራ የቀረ ትምህርት ዕድሜው ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ጋፋት በግልጽ አሳይታለች።

በዚያው ቀን፣ በዚያው አምባ ላይ፣ ከወላጆቹ የተለየ አንድ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን በእንግሊዝ ወታደሮች እጅ ገባ። ይህ ሕፃን ጎንደር የተወለደው ወርቅነህ እሸቴ ነበር። ቻምበርሊን የተባለ የጦር መኮንን ሕፃኑን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። በኋላም ማርቲን የተባለ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ተቀብሎ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገው። ልጁም ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም ተጠርቶ አደገ። አገሩ ኢትዮጵያ መሆኗን ቢያውቅም ቋንቋዋን ረሳ፤ ዘመዶቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

የወርቅነህ የትምህርት ዕድል ከዚህ የተነሣ ነው። ማንም ለትምህርት አልመረጠውም፤ ማንም አልፈተነውም፤ አገሩም አልላከችውም። በጦርነት ፍርስራሽ መካከል የአንድ መኮንን ዐይን ስላረፈበት ብቻ ያገኘው ዕድል ነው። በዚያ ቀን በመቅደላ ከነበሩት ሕፃናት መካከል እንደ እርሱ ያለ አእምሮ የነበራቸው ሌሎችም እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም። ሆኖም ያገኘውን አጋጣሚ በትጋት ተጠቀመበት። ላሖር በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተምሮ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በህንድ መንግሥት የሕክምና አገልግሎት ከሠራ በኋላም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤድንብራ ትምህርቱን አሻሻለ። ከዚያም በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። በዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ተመርቀው ሙያውን ከያዙ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነው የሚቆጠሩት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው።

የዐድዋ ድል ዜና በዓለም በተሰማ ጊዜ የሐኪሙ ልብ ወደ አገራቸው ዞረ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ የማይናገር፣ እንግሊዛዊ ስም የያዘ፣ ነገር ግን ኢትዮጵያዊ መልክ ያለው ሐኪም መምጣቱ በከተማው ተወራ። ከዘመዶቻቸው አያታቸው በሕይወት ነበሩና በሰውነታቸው ላይ በነበረ የልጅነት ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው። ወርቅነህ የሚለው ስማቸውም ተመለሰላቸው። ይሁን እንጂ ከአሠሪዎቻቸው ያገኙት ፈቃድ ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ። ከ1900 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ፤ ለዘለቄታው የተመለሱት ግን ከበርማ አገልግሎታቸው በጡረታ ከተገለሉ በኋላ፣ በ1910ሮቹ ዓመታት ነው። ወይዘሮ ቃፀላ ቱሉን አግብተውም ብዙ ልጆች አፈሩ።

በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በጡረታው ገንዘብ ተደላድሎ ለመኖር በመረጠ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ግን በሕይወታቸው ትልቁን ሥራ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወጪ የተቋቋመው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ በፊት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሲያስተምር ቆይቷል፤ ነገር ግን የተማሪው ቁጥርና የአገሪቱ ፍላጎት አይመጣጠንም ነበር። በአዲሱ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይሰጥ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ በአማርኛ የተጻፈ የጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፍም አዘጋጁ፤ ተማሪው ዓለምን በራሱ ቋንቋ እንዲያውቅ የነበራቸውን ፍላጎት ይህ ሥራቸው ያሳያል።

ወደ ውጭ አገር ተማሪ መላክ በእርሳቸው አልተጀመረም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጥቂት ወጣቶች ወደ ስዊስ፣ ወደ ኢጣሊያና ወደ ሩሲያ ሄደው ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ የተላኩት በአንድ መኳንንት ወይም በአንድ የውጭ አገር ሰው ፈቃድ ነው። በ1910ሮቹና በ1920ዎቹ ግን ነገሩ መልክ እየያዘ መጣ። በአገር ውስጥ ትምህርት ቤት መሠረቱን የጣለ ተማሪ በመንግሥት ወጪ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ አሜሪካ መላክ ጀመረ። ኦሃዮ ወደሚገኘው ወደ መስኪንገም ኮሌጅ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ መላኩ በያን ሲሆኑ፣ በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረዋል። እስከ ኢጣሊያ ወረራ ድረስ ወደ ውጭ የተላኩት ተማሪዎች ቁጥር ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ዕድሉ አሁንም ለጥቂቶች ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ መኮንን ቸርነት ወጥቶ በትምህርት ቤትና በመንግሥት በጀት ላይ መመሥረት ጀምሯል። ሐኪም ወርቅነህም ራሳቸው በአጋጣሚ ያገኙት ዕድል ለሌሎች በሥርዓት እንዲደርስ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ናቸው።

ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ የሐኪሙ የአሜሪካ ጉዞ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወንዞች የደቡብ ጎንደርን ደጋ ውሃ ሰብስበው፣ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከሐይቁም ዓባይ ይወጣል። ይህ ውሃ ለግብፅና ለሱዳን ያለውን ዋጋ የተረዳችው እንግሊዝ፣ ያለ እርሷ ስምምነት በጣናና በዓባይ ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ በ1894 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር ተዋውላ ነበር። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጣናና ስለ ባቡር ሐዲድ እርስ በርስ ተስማሙ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታውን አቀረበ። ከዚህ በኋላ በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር በሐይቁ መውጫ ላይ ግድብ ስለ መሥራት ተነጋገሩ። ጉዳዩ በለንደን ብዙ ሁካታ አስነሣ። በዚያው ጉዞ ሐኪሙ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው ባለሙያዎቻቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ።

ስለ ግድብ ለመደራደር ሐኪም መላኩ ሊያስገርም ይችላል። ምክንያቱ ግን የታወቀ ነው። የውጭውን ዓለም አሠራር የሚያውቅ፣ ውሉን በእንግሊዝኛ አንብቦ የሚመረምር፣ በመንግሥቱም ዘንድ የታመነ ሰው በጣም ጥቂት ነበር፤ የተማሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የኩባንያው ባለሙያዎች በ1920ዎቹ መጀመሪያ መጥተው ሐይቁን አጠኑ፤ ይሁን እንጂ በወረራው ምክንያት ግድቡ ሳይሠራ ቀረ። በዓባይ መውጫ ላይ ጨራ ጨራ የተባለው የውሃ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ሲሆን፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። በመካከሉ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። ለዚህ መዘግየት የፖለቲካም የገንዘብም ምክንያት አለው፤ የሠለጠነ ሰው እጥረትም ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ አይካድም።

ከአሜሪካ መልስ ሐኪም ወርቅነህ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት አውራጃውን ያስተዳደሩት በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። በውጭ አገር የተማሩ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ስላስተዳደሩት ጨርጨር መንገድ የሚሠራበት፣ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት፣ ለሌሎች አውራጃዎችም አርአያ እንዲሆን የታሰበ አገር ሆነ። የተማረ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስና ሥራ በእጁ ሲሰጠው ምን ሊሠራ እንደሚችል በዚህ ታይቷል።

ከዚያም በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ወረራው በተጀመረ ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ገደማ ነበር። የአገራቸውን ጉዳይ ለእንግሊዝ ሕዝብ በማስረዳትና ርዳታ በማሰባሰብ ብዙ ደከሙ። ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ብንያም፣ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ልጆች በውጭ መቅረት እየቻሉ አገራቸው ስትወረር ተመልሰው ገቡ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ፋሽስቶች ሁለቱንም ገደሏቸው። በእነዚያ ቀናት ግድያው በተለይ ያነጣጠረው በተማሩት ላይ ነበርና ከሁለት ዐሠርት ዓመታት ድካም በኋላ ከተገኙት ምሁራን ብዙዎቹ አለቁ። አባት በባዕድ አገር ሆነው የልጆቻቸውን ሞት ሰሙ። አገሪቱም ሁለት መሐንዲሶቿን ገና ሥራ ሳይጀምሩላት አጣች።

ሐኪም ወርቅነህ ከድል በኋላ በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያረፉት በ1945 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል አገሪቱ የጠፋባትን የተማረ ኃይል ለመተካት ትሯሯጥ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ሐኪሙ ባረፉበት ጊዜ አካባቢ ደግሞ የምሕንድስና ኮሌጅ ተከፈተ። የመጀመሪያው ተማሪ ሕፃን በሆነ ጊዜ በጦር መኮንን እጅ ባሕር ተሻግሮ የተማረ ሲሆን፣ በሞቱ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ኢትዮጵያዊ ወጣት በአገሩ ምሕንድስና ሊማር የሚችልበት ዘመን ደረሰ። የአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ሁሉ ለውጥ ሊይዝ ችሏል።

ዛሬ ደብረ ታቦር የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም በጋፋት ስም ተሰይሟል። ያን ጊዜ መምህራኑ ሲሄዱ የተቋረጠው ትምህርት አሁን በአገር ልጆች ይሰጣል። ይህ ማለት ግን ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። በኋላም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከጉና ግርጌ ወይም ከእስቴ ገጠር የሚወጣ አንድ ብልህ ልጅ ኮሌጅ መግባት አለመግባቱ፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት በመሆኑ፣ አንድ ዘመድ የከተማ ቤት ኪራይ በመክፈሉ፣ አንድ መምህር ስለ ማመልከቻው በመንገሩ ላይ ሲወሰን፣ ዕድሉ እንደገና በአጋጣሚ እጅ ገባ ማለት ነው።

ነጻ የትምህርት ዕድል የሚመዘነው በሦስት ነገሮች ነው። ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ የታወቀ ሊሆን ይገባል፤ የሰጪው ሰው ቢሞት ወይም ቢሄድ የማይቋረጥ ሊሆን ይገባል፤ ተማሪውም ሲመለስ የሚሠራበት ቦታ የሚያገኝ ሊሆን ይገባል። ጋፋት ሁለተኛውን አጥታ ጠፋች፤ የሐኪም ወርቅነህ ልጅነት የመጀመሪያውን አላገኘም፤ ዮሴፍና ብንያም ሦስተኛውን ሳያዩ አለፉ። ሦስቱም በአንድነት እንዲሟሉ ማድረግ ለመንግሥት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የሙያ ማኅበራትና አባሎቻቸው፣ አብዛኞቹ ራሳቸው በሕዝብ ገንዘብ የተማሩ በመሆናቸው፣ ከዚህ ዕዳ ድርሻቸውን መክፈል ይጠበቅባቸዋል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜያቸው በኋላ የከፈሉት ይህንኑ ዕዳ ነው።