ጆን ጋራንድ፦ ኤም ዋንን ሠርቶ ድርሻ ያላገኘው ስደተኛ

 ስለ ቃኘው ሻለቃ የኮሪያ ዘመቻ ያቀረብነውን ቪዲዮ ካያችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ልካችሁልናል። በፎቶግራፎቹ ላይ አባቶቻችን የያዟት ያቺ የእንጨት ሰደፍ ያላት ጠመንጃ ምንድን ናት? ማንስ ነው የሠራት? ነገሩ በአሥር ደቂቃ ቪዲዮ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ይዘንላችሁ መጥተናል።

ጠመንጃዋ ኤም ዋን ናት። ሠሪዋ ጆን ጋራንድ ይባላል። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ስሟን በሠሪው ስም ስትጠራ ሰምታችሁ ይሆናል። ስለ ሰውዬው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ማንበብ ከመጀመራችን በፊት ከስሙ ሌላ የምናውቀው አልነበረም። ስናነብ ያገኘነው እንደ እኛው ስደተኛ ነው።

ጋራንድ የተወለደው በካናዳ፣ በኩቤክ ግዛት፣ ሴንት ሬሚ በምትባል መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1888 ነው (በዚህ ጽሑፍ ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ነው። ገና ልጅ ሳለ እናቱ ሞተችና አባቱ ቤተሰቡን ይዞ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኮኔቲከት ገባ። ልጁ ትምህርቱን ሳይጨርስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወለል ጠራጊ ሆነ። እንግሊዝኛም የተማረው እዚያው በሥራ ነው። መጥረጊያውን እየገፋ ዓይኑ ከማሽኖቹ አይነቀልም ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ማሽኖቹን ራሱ የሚጠግን ባለሙያ ወጣው። ከዚያ ሮድ አይላንድ ውስጥ ብራውን ኤንድ ሻርፕ ወደሚባል የታወቀ የመለኪያና የመቁረጫ መሣሪያ ፋብሪካ ገባ። ዒላማ መተኮስ ይወድ ነበር። ብረት መቁረጥና መተኮስ፣ ሁለቱ ፍቅሮቹ ወደ አንድ ሥራ የመጡት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ሠራዊቱ ቀላል መትረየስ ይፈልጋል ሲባል የራሱን ንድፍ ለዋሽንግተን አቀረበ። መትረየሱ ሳይደርስ ጦርነቱ አለቀ። መንግሥት ግን ሰውዬውን አልለቀቀውም። በ1919 መገባደጃ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ወዳለው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተቀጠረ። ጡረታ እስኪወጣም ከዚያ አልወጣም።

የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ወታደሩ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጁን እየመለሰ መዝጊያውን የሚስብበትን ጠመንጃ የሚተካ፣ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ መሥራት። ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው ማለት ነው። ሲነገር ቀላል ነው። ችግሩ የሠራዊቱ ጥይት ነበር። ያ 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ አሜሪካኖቹ ሰርቲ ኦት ሲክስ የሚሉት፣ እጅግ ጉልበተኛ ነው። ይህን ጉልበት ችሎ የማይሰበር፣ ግን አንድ እግረኛ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት የሚውል ቀላል መሣሪያ ያን ጊዜ አልነበረም። ከባድ መሣሪያማ ማንም ይሠራል!

የጋራንድ የመጀመሪያ ሐሳብ የሚገርም ነው። ቀለሁ ቂጥ ላይ፣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ ካፕሱል አለች። ጥይቱ ሲተኮስ ካፕሱሏ ወደ ኋላ ትገፋለች። እሱ ያቺን ቅንጣት እንቅስቃሴ ጠመንጃውን ለመክፈት ተጠቀመባት። ሠራለትም። ዓመታት ከለፋበት በኋላ ግን በ1920ዎቹ አጋማሽ ሠራዊቱ ጥይቱን ቀየረ። አዲሱ ባሩድ ቀስ ብሎ የሚነድ ሆነ፤ ካፕሱሏም እንዳትንቀሳቀስ በዙሪያዋ ተጣብቃ ታሰረች። የጋራንድ ጠመንጃ ሞተ ማለት ነው። ጠመንጃው አልተበላሸም፣ ጥይቱ ነው ከሥሩ የተነጠቀው። ያለፈውን ድካም ትቶ ከባዶ ጀመረ።

በዚያው ፋብሪካ ግቢ ተቀናቃኝ ነበረው። ጆን ፒደርሰን የተባለ፣ ቀድሞ ስም ያወጣ የጦር መሣሪያ ነዳፊ ነው። ፒደርሰን የመጣው የፈጠራ መብቱን አስከብሮ በውል ነው። ጋራንድ ደመወዝተኛ ነው። ፒደርሰን ይዞት የመጣው ሐሳብ ብልህ ነበር፤ ጠመንጃው ጥይቱን ካልቻለ ጥይቱን እናሳንሰው አለ። 0.276 ኢንች የሆነ፣ ወደ 7 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ አነስ ያለ ጥይት ሠራ። ግን የእሱ ጠመንጃ ቀለሁን በቀላሉ እንዲለቅ ጥይቱ በሰም መቀባት ነበረበት። ጦር ሜዳ ላይ አቧራ የነካ ሰም ምን እንደሚሆን ገምቱት። ጋራንድ በዚያው በ0.276 ጥይት የራሱን ጠመንጃ ሠርቶ ሲያቀርብ በቀላልነቱ አሸነፈ። ሰምም አያስፈልገውም ነበር። በ1932 መጀመሪያ ፈታኞቹ የጋራንድ ይግባ ብለው ወሰኑ።

እዚህ ላይ ነው ዳግላስ ማካርተር የሚመጣው። ያን ጊዜ የሠራዊቱ ኤታማዦር ሹም ነበር። ጠመንጃውን አልተቃወመም፤ አዲሱን ጥይት ግን አልቀበልም አለ። አገሪቱ በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ናት፣ በየመጋዘኑ የተከማቸው የድሮው ጥይት ብዛት የትየለሌ ነው፣ መትረየሶቹም የሚበሉት ያንኑ ነው። ዛሬ ድረስ ማካርተር የጠመንጃን እድገት በሃያ ዓመት ወደ ኋላ ጎተተው የሚሉ አሉ። እኛ እንደዚያ አይመስለንም። አንድ ሠራዊት ሁለት ሦስት ዓይነት ጥይት ሲኖረው ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኤም ዋን በይፋ የአሜሪካ ሠራዊት ጠመንጃ የሆነችው ጥር 9 ቀን 1936 ነው። በዚያው ወር አባቶቻችን ተምቤን ላይ ከጣሊያን ጋር ይዋጉ ነበር። ምንሽር የያዘው፣ ውጅግራ የያዘው፣ ቤልጂግ የያዘው ጎን ለጎን ተሰልፏል፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጓዱ ሲወድቅ ዝናሩን ቢፈታም የማይጎርስለት ስንት ሰው ነበር።

ጋራንድ እድለኛ ነበር፣ ወይም አርቆ አሳቢ ነበር። በጎን በትልቁ ጥይት የሚሠራውንም ጠመንጃ ይዞ ቆይቷል። እሱን ወደ ማስተካከሉ ገባ። አሠራሩን በአጭሩ እንንገራችሁ። ጥይቱ ሲተኮስ ከእርሳሱ ኋላ ከሚከተለው የባሩድ ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ይወሰድና አንድ የብረት ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል። ዘንጉ መዝጊያውን አዙሮ ይከፍታል፣ ቀለሁ ይወረወራል፣ ሞላው ሲመልሰው ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። ሙያው ያለው ልኩ ላይ ነው። ጋዙ ካነሰ ጠመንጃው በብርድና በጭቃ ይቆማል። ከበዛ ደግሞ ዘንጉን ያጎብጠዋል።

ስለዚህ ኤም ዋን ማንኛውንም ጥይት የምትበላ ጠመንጃ አይደለችም። የምትወደው ኤም ቱ የሚባለውን የሠራዊቱን ጥይት ነው። እርሳሱ 9.7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ይሄዳል። የሚገርመው የዚህ ጥይት አመጣጥ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ከበድ ያለ እርሳስ ነበረው፣ ርቆም ይሄድ ነበር። ከመራቁ የተነሣ የብሔራዊ ዘቡ የልምምድ ሜዳዎች አልበቁት አሉ! በዚህ ምክንያት ቀለል ወዳለው ተመለሱ። አሜሪካ ያላችሁና ኤም ዋን የገዛችሁ ወይም ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ። ሱቅ የሚሸጠው ከባድ እርሳስና ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ያለው የአደን ጥይት ቁመቱ ልክ ስለሆነ ይገባል፣ ይተኮሳልም። ነገር ግን ጋዙ የሚወሰደው አፈሙዙ ጫፍ ጋ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የሚነድ ባሩድ ዘንጉ ጋ ሲደርስ ገና ጉልበቱን አልጨረሰም። ለጠመንጃዋ የሚስማማውን ጥይት ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ጠመንጃዋ ሠራዊቱ ከተቀበላት በኋላም አልተረጋጋችም። መጀመሪያ ጋዙን የሚይዘው ከአፈሙዙ ጫፍ በተገጠመ ቆብ ነበር፤ ይቆሽሻል፣ ይላላል። በ1940 ገደማ ተወውና አፈሙዙን ራሱን ከሥሩ በትንሽ ቀዳዳ በሳው። ሌላ በሽታም መጣ። ስምንት ጥይት ከሚይዘው ክሊፕ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አልጎርስም የሚል ጠመንጃ በዛ። በእጅ የተሠሩት ናሙናዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ተፈልጎ ሲገኝ፣ በብዛት የሚያመርተው መቁረጫ ማሽን ከጠመንጃው ዋና አካል ውስጥ ጥይቱን አቅጣጫ የምታስይዝ ትንሽ የብረት ጠርዝ ቆርጦ ይጥል ኖሯል። ጠርዟ ተመለሰች፣ በሽታው ለቀቀ። ጋራንድ የፋብሪካ ልጅ ስለሆነ ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ጠመንጃውን የሚያመርቱትንም ማሽኖች የነደፈ ሰው ነው። እኛ ከሁሉ የምናደንቅለት ይህን ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጀርመንም ጃፓንም እግረኛቸውን በአብዛኛው ያሰለፉት መዝጊያው በእጅ በሚሳብ ጠመንጃ ሲሆን የአሜሪካው እግረኛ ስምንት ጥይት ቃታ እየሳበ ይለቃል። ጄኔራል ፓተን ስለ ኤም ዋን የተናገረው ምስጋና እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በዚያ ጦርነት ብቻ 4 ሚሊዮን ያህል ተመረተ፤ ጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

ታዲያ ጋራንድ ስንት አገኘ? በ1936 በጠመንጃው ላይ ያለውን የፈጠራ መብት በሙሉ ለአሜሪካ መንግሥት ፈርሞ አስረክቧል። ከእያንዳንዱ ጠመንጃ አንድ ዶላር ብቻ ቢያስቀር ኖሮ ሚሊየነር ነበር። ያገኘው ደመወዙንና ሜዳልያዎችን ነው። ለውለታው 100,000 ዶላር ይሰጠው የሚል ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ ቀርቦ ነበር፤ አላለፈም። የመንግሥት ሠራተኛ በደመወዙ የሠራውን ነው ያስረከበው፣ ምን ይጨመርለታል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሕጉ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ግን በየመጋዘኑ፣ በየሆስፒታሉ፣ በየላብራቶሪው ደመወዝ ተቀብሎ ከደመወዙ በላይ የሚሠራ ወገናችን ስንት እንደሆነ ስለምናውቅ እኛ ነገሩ አይዋጥልንም።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ ከአዲስ አበባ ተነሣ። በዚያው ወር ያ የጥይቱን ነገር የወሰነው ማካርተር ከኮሪያ ጦር አዛዥነቱ ተሻረ። የእኛ ልጆች ፑሳን ደርሰው የአሜሪካ መሣሪያ ታጠቁና ሰለጠኑ፤ በ7ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተሰለፉ። ኤም ዋንን ለሚለማመድ ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት አውራ ጣትን ማዳን ነው። ክሊፑን በአውራ ጣት ተጭነህ ስታስገባ መዝጊያው ራሱ ይመለሳል፤ ቶሎ ካላነሣህ ጣትህን ይዞ ይዘጋል። ስምንተኛው ጥይት ሲያልቅ ባዶው ክሊፕ ጵንግ ብሎ ይወጣል። ጠላት ያንን ድምፅ ሰምቶ ይነሣል የሚለው ወሬ ብዙ ተወርቷል፤ በዚያ ሁሉ የመድፍ ጩኸት ማን እንደሚሰማው እንጃ። ቃኘዎች በሦስት ዙር ተዋግተው ከ120 በላይ ሰው ሰውተው አንድም ምርኮኛ ሳያስይዙ መመለሳቸውን በቪዲዮው ነግረናችኋል።

ጋራንድ ጡረታ የወጣው በ1953 ነው፤ የኮሪያው ተኩስ ያቆመበት ዓመት። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ተፈራረሙ። ጋራንድ የኖረበት ፋብሪካ በ1968 ተዘጋ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እሱም እዚያው ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የካቲት 16 ቀን 1974 በ86 ዓመቱ አረፈ። በእኛ የካቲት 9 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን አድማ ተመታ። የተከተለውን ታውቁታላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በኢትዮጵያ መጋዘን የከረሙ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ኤም ዋንም ጭምር፣ በአሜሪካ ነጋዴዎች ተገዝተው ወደ አሜሪካ ተመልሰው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። አንዷን የማየት እድል ካጋጠማችሁ ከመዝጊያው ኋላ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። የአሜሪካ ጠመንጃ መሆኗን፣ የጥይቷን መጠን፣ ኤም ዋን የሚለውን፣ የፋብሪካውን ስምና ቁጥሯን ታገኛላችሁ። የጋራንድ ስም የለበትም።