ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምር ሚዛን

ከሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ተከዜ፥ አንገረብና ጓንግ ድንበሩን ተሻግረው በገዳሪፍና በከሰላ ምድር በአትባራ ወንዝ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ተፈጽሞ የአትባራ ውሃ ወደ መስኖ ቦይ ገባ፤ የአስዋን ግድብ ውሃ አገራቸውን ያሰጠመባቸው የሐልፋ ኑብያውያንም በዚያው እርሻ ሰፈሩ። ቦዩ ጥጥና ስንዴ አበቀለ፤ ነገር ግን የብልሃርዝያን ትል የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣም አብሮ አራባ። በዚያው ዓመት የዚህ በሽታ መከላከያ በዐድዋ ወንዝ ዳር በአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ተገኘ።

ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅጅጋ የተወለደውና በአሜሪካ የተማረው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። በ1964 በዐድዋ ስለ በሽታው ሲመረምር፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተመለከተ። እናቶች ከጥንት ጀምሮ እንደ ሳሙና የሚጠቀሙበት ፍሬ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጠ። ከውጭ የሚመጣው መግደያ መድኃኒት ለድኻ ገበሬ የማይቀመስ ውድ ስለ ነበር፥ ነገሩ ትልቅ ተስፋ ነበረው።

አክሊሉ ሥራውን በአንድ የትምህርት ዘርፍ አልወሰነም። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረተ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሻለውን የእንዶድ ዘር መርጦ አለማ፤ የአሜሪካ ኬሚስቶች ቀንድ አውጣ ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን አሉት። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሥራ፥ ከ6 ዓመት በታች በሆኑት ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 50 ወደ መቶ 7 ወረደ።

እንዲህ ያለው ምርምር በምን ይመዘን? በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ አንድ ጽሑፍ በሌሎች ሊቃውንት ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ ማሳተም ጀምሮ ነበር። ይህ ቍጥር አንድ ሐሳብ ከሊቅ ወደ ሊቅ የተጓዘበትን መንገድ ይገልጻል፤ ስለዚህ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የብዙ ዘርፎችን ሥራ ሲመዝን ጥንቃቄ ያሻዋል። ኬሚስት፥ ሐኪምና ዕፀዋት ዐዋቂ የመጥቀስ ልማዳቸው አንድ አይደለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከየራሱ ዘርፍ ጽሑፎች ጋር ይነጻጸር እንጂ በአንድ ድምር አይደባለቅ። ሐሳቡን ለመንቀፍ የጠቀሰውም ለማመስገን ከጠቀሰው ጋር እኩል ይቈጠራል። በአገር ውስጥ መጽሔት የወጣው ጽሑፍ ከመዝገቡ ውጭ ሲቀር፥ እንዶድን በወንዙ የጨመረው ገበሬና ከበሽታው የዳነው ሕፃን ግን ጽሑፍ አይጽፉምና ጨርሶ አይቈጠሩም።

አክሊሉ ይህን በራሱ ሥራ አየው። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በውጭ ቤተ ሙከራ ካልተደገመ በቂ እምነት አላገኘም፤ የእንዶድ ደኅንነት ፍተሻ እስኪፈጸም ብዙ ዓመታት አለፉ። ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ መርዝን ያለ ፍተሻ ወደ ውሃ መጣል አይገባምና። መዘግየቱ ግን በወንዝና በቦይ ዳር ለሚኖሩት ሁሉ ዋጋ ነበረው። አክሊሉና ለገሠ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። አክሊሉ በ1997 ዐረፈ፤ የመሠረተው ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የተማሪውን ዕውቀት በፈተና ቍጥር ለሚመዝን መምህር ይህ ሕይወት ትልቅ ትምህርት አለው። ቍጥር ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን የተቈጠረው ምን እንደ ሆነና ያልተቈጠረው ማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ፍርድ ሊሰጥበት አይገባም። አክሊሉ የልብስ አጣቢዎቹን ልማድ እንደ ዕውቀት ባይቈጥር ኖሮ፥ የሞተው ቀንድ አውጣ ምሥጢር ባልተገለጠለትም ነበር።