ካርል ሽሌክተር፦ አቻ በመውጣት የታወቀው የቼዝ ሊቅ

በአውሮፓውያኑ ጥር 1910 ኦስትሪያዊው ካርል ሽሌክተር በተወለደባት ቪየና ለዓለም የቼዝ ዘውድ ተሰለፈ። ተፎካካሪው ከ1894 ጀምሮ ክብሩን ሳያስነጥቅ የቆየው ጀርመናዊው ኢማኑኤል ላስከር ነበር።

በ1874 የተወለደው ሽሌክተር ለመሸነፍ የሚያስቸግር፣ ነገር ግን ጨዋታዎቹ በብዛት በአቻ ውጤት የሚቋጩ ተጫዋች ነበር። በዚህም የአቻ ጌታ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ይሁን እንጂ አቻ መውጣት ለእርሱ ትግልን መሸሽ እንዳልነበረ የግጥሚያው የመጀመሪያ ጨዋታ ይመሰክራል።

ሽሌክተር ነጮቹን ጠጠሮች ይዞ በስፔን መክፈቻ ጀመረ። በዚህ መክፈቻ ነጭ ፈረሱንና ጳጳሱን ፈጥኖ በማውጣት የጥቁሩን መሐል ይፈታተናል። ላስከር የበርሊን መከላከያ በሚባለው ስልት መለሰ፤ በሁለተኛ ፈረሱም የነጩን ወታደር አጠቃ። ጨዋታው ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ላስከር በአንድ ወታደር ብልጫ ነበረው። ሽሌክተር ግን ግንቡን ለደካማ ወታደሩ ጠባቂ ከማድረግ ይልቅ ያን ወታደር አሳልፎ ሰጠ፤ በምትኩም ግንቡና ንጉሡ የመንቀሳቀስ ነጻነት አገኙ። ላስከር ብልጫውን ወደ ድል መለወጥ ተሳነው፤ አቻ ተለያዩ። ይህ አከላለክ ዛሬም ለቼዝ ተማሪዎች በምሳሌነት ይቀርባል።

ሽሌክተር አምስተኛውን ጨዋታ አሸንፎ መሪነቱን ያዘ። አሥረኛውና የመጨረሻው ጨዋታ በርሊን ላይ ሲጀመር ዘጠኙ ተጠናቀው አንድም ሽንፈት አልደረሰበትም ነበር። በዚያ ጨዋታ ግን ለድል የሚያበቃ ዕድል ካገኘ በኋላ፣ ወደ አቻ የሚያደርሰውን መንገድም ሳይዝ ቀረ፤ በመጨረሻም ተሸነፈ። ያን ያህል ለምን እንደ ደፈረ እስካሁን ያከራክራል። ግጥሚያው 5 ለ 5 ተጠናቀቀ፤ ዘውዱም ላስከር ዘንድ ቀረ።

ሽሌክተር ከዚያ በኋላ ቢልገር በመባል የሚታወቀውን ታላቅ የቼዝ መክፈቻዎች መጽሐፍ ስምንተኛ እትም አዘጋጀ። በአሥረኛው ጨዋታ የተጠቀመበት የስላቭ መከላከያ ስልትም በስሙ ይጠራል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያስከተለው ረሃብና ችግር ግን አልማረውም። በ1918 መኸር በርሊን ውስጥ ከላስከር ጋር ዳግም በአንድ ውድድር ተሳተፈ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1918፣ በምግብ እጦት የተዳከመው ሽሌክተር በ44 ዓመቱ ቡዳፔስት ውስጥ አረፈ።