ዐፄ ቴዎድሮስና የእንፋሎት መኪና

በአውሮፓ ከተሞች የባቡር አምሳል በትንሹ ተሠርቶ፥ ከነሐዲዱና ከነፉርጎው በሱቅ ይሸጣል። ገዢው ሕፃን ብቻ አይደለም፤ ጠጉሩ የሸበተ አዋቂም ዓይነቱን እየመረጠ ይገዛል፥ በመደርደሪያ ላይም ይሰበስባል። ከነዚህ ሰብሳቢዎች አንዱ ገዝቶ ማየት ይበቃዋል፤ ሌላው ግን ፈትቶ አሠራሩን ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። በአገራችን ታሪክ የሁለተኛው ዓይነት ሰው ይፈለግ ቢባል፥ ባቡር በዓይናቸው ሳያዩ የሞቱትን ዐፄ ቴዎድሮስን እናገኛለን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ግድም በቋራ ተወለደ። በገዳም ፊደል ቈጠረ፥ ኋላም ሸፈተ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ሲጋጠም ጀግኖቹ በመድፍ ረገፉ። ጀግንነት ብቻውን እሳትን እንደማይመልስ ካሣ የተማረው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ደጋ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፥ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫነ።

ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የብረት ሥራ ቦታ አቋቋሙ። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የአውሮፓ ሚስዮናውያን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው፤ የአገር ልጆችንም ሥራውን እንዲማሩ ከሥራቸው አኖሩ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ የእንፋሎት መርከብ አምሳል አሠሩ። መርከቡ የደንገል ነበር፤ በግራና በቀኝ የተገጠመለትን የእንጨት መንኰራኵር የሚያዞረው እንፋሎት ሳይሆን የሰው ክንድ ነበር። ሙከራው አልሰመረም። አምሳሉ ግን የንጉሡን አሳብ ያስረዳል፤ ያላዩትን ነገር በእጃቸው ባለው ደንገል ሊደርሱበት ሞከሩ።

በዚያው ዓመት ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩ፤ ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲያመጣላቸውም አዘዙት። እንግሊዞች ባለሙያዎቹንና ዕቃውን እስከ ምጽዋ ልከው ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ስላልለቀቁ ሁሉም ወደመጣበት ተመለሰ።

እዚህ ላይ ታሪኩ መራራ ይሆናል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፥ አቃጠሉም። ከአብያተ ክርስቲያናቷ የተወሰዱት ብራናዎች ወደ መቅደላ ተጓዙ። መጽሐፍ የሚሰበስብ ንጉሥ መጻሕፍቱን ያሳደገችውን ከተማ አፈረሰ። ከዚያም በጋፋት የተሠራውንና ሰባ ኵንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፥ መንገዱን ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ እየጠረጉ፥ መቅደላ አወጡት።

በዚሁ ጊዜ በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ የጄኔራል ናፒየር ጦር ሐዲድ ይዘረጋ ነበር። ባቡሮቹ ከቦምቤይ በመርከብ መጡ፤ ሐዲዱም እስከ ኩማይሌ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። እንግዲህ ለእንፋሎት ይህን ያህል የጓጉት ንጉሥ፥ በዚህ ምድር ላይ ባቡር የጮኸው እሳቸውን ለመውጋት ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሐዲዱ ተነቅሎ፥ ባቡሮቹም ተጭነው በመጡበት ባሕር ተመለሱ። ከብራናዎቹ ብዙዎቹ ሎንዶን ገቡ። ሴባስቶፖል ብቻ ማንም ሊሸከመው ስላልቻለ በመቅደላ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፥ የጋፋት ምድጃ ለምን ጠፋ? እንደ እኔ አስተያየት ዕውቀቱ በአንድ ሰው ፈቃድና በፍርሃት ታስሮ ስለነበር ነው። ባለሙያው እስረኛ፥ ተማሪው ጥቂት ነበር፤ ንጉሡ ሲወድቁ ምድጃውን የሚያነድ አልተገኘም። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሥራው የውጭ አገር ኩባንያ ነበር፤ ጎንደርንም ዛሬ ድረስ የባቡር ሐዲድ አልደረሳትም። ወደፊት ቢደርሳት፥ ባቡሩን የሚገዛ መንግሥት ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ ፈትቶ የሚገጥም የአገር ልጅ ያስፈልጋታል። ያ ልጅ ደግሞ በግዳጅ አይገኝም፤ በነጻነት የሚማርበት ቤት ይሻል። ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያውን እውነት ከማንም ቀድመው አይተውታል፤ ሁለተኛውን ግን አላዩትም፥ ዋጋውን የከፈለችውም ጎንደር ናት።